ኒኮላስ ኮቭ

ኒኮላስ ኮቭ (የትውልድ ስሙ ሚክሎሽ ክላይን፤ 1891 ገደማ – 1958 እ.ኤ.አ.) በሀንጋሪ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር ኤርፊክስ የተባለውን ድርጅት የመሠረተ ነጋዴና የፕላስቲክ አምራች ነበር። ኤርፊክስ በተለይ ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴል አውሮፕላኖችን በማምረት በዓለም ታዋቂ ነው። ኮቭ ራሱ ግን የአውሮፕላን ፍቅር የነበረው ሰው አልነበረም። የድርጅቱ ስም ከአውሮፕላን ጋር ግንኙነት የለውም፤ ዝና ያስገኘለትን ሞዴል አውሮፕላንም በመጀመሪያ ተቃውሞት እንደነበር ይተረካል። ሆኖም ዕድሜውን ሙሉ የተከተለው አንድ ሐሳብ ነበር፤ እሱም ርካሽ ዕቃን በብዛትና በፍጥነት ማምረት ነው። ተገጣጣሚው ሞዴል በላስቲክ ከረጢት ታሽጎ በልጅ የኪስ ገንዘብ እንዲሸጥ ያደረገውም ይኸው ሐሳብ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ስም

ሚክሎሽ ክላይን የተወለደው በኦስትሪያ-ሀንጋሪ ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት ዘመን ከአይሁድ ቤተሰብ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ የሀንጋሪ አይሁዶች የጀርመንኛ ስማቸውን ትተው የሀንጋሪኛ ስም ይወስዱ ነበር። እሱም በጀርመንኛ «ትንሽ» የሚል ትርጉም ያለውን ክላይን ትቶ ኮቬሽ ተባለ። ኮቬሽ በሀንጋሪኛ «ድንጋያማ» ማለት ነው። በኋላ እንግሊዝ አገር ሲገባ የስሙ የመጨረሻ ፊደል ተጥሎ ኮቭ ሆነ፤ ሚክሎሽም ወደ ኒኮላስ ተለወጠ። ስለዚህ ስለ እሱ የሚያነብ ሰው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ያጋጠሙት ሊመስለው ይችላል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት በኦስትሪያ-ሀንጋሪ ፈረሰኛ ጦር ውስጥ አገልግሎ በሩስያውያን ተማረከና ወደ ሳይቤሪያ የምርኮኞች ካምፕ ተላከ። ከዚያ አምልጦ ያን ሁሉ መንገድ በአብዛኛው በእግሩ ተጉዞ ወደ አገሩ እንደተመለሰ ይነገራል።

አገሩ ሲደርስ ግን የሚያውቀው መንግሥት ፈርሶ ነበር። በ1919 በቤላ ኩን የሚመራ የኮሚኒስት መንግሥት ሥልጣን ያዘ፤ ኮቬሽም በዚህ መንግሥት ውስጥ እንዳገለገለ ስለ ድርጅቱ የጻፉ ሰዎች ያስረዳሉ። መንግሥቱ የቆየው 133 ቀን ብቻ ነው። ከወደቀ በኋላ በተተኩት ኃይሎች እጅ ኮሚኒስቶችና አይሁዶች ተሳደዱ፤ ብዙዎችም ተገደሉ። ሁለቱንም ለሆነ ሰው ሀንጋሪ የሚኖርባት አገር አልነበረችም።

ከአገር ወደ አገር

ከሀንጋሪ ወጥቶ በመጀመሪያ ወደ ሰሜን አፍሪካ፣ ወደ አልጄሪያ ሄደ። ከዚያ ወደ ስፔን ተሻግሮ በባርሴሎና ከተማ የፕላስቲክ ሥራ ጀመረ። ፕላስቲክ በዚያን ጊዜ ገና አዲስ ነገር ነበር። ትልቅ ፋብሪካም ሆነ ረጅም የሙያ ትውልድ ስለማይጠይቅ፣ ርስትና ዘመድ በሌለበት አገር ለሚነግድ ስደተኛ የሚመች ሥራ ነበር። በስፔን ሁኔታው እየከፋ ሲሄድ ደግሞ ወደ ጣልያን አመራ። በጣልያን ሳለ የሸሚዝ ኮሌታን የሚያጠነክር ዘዴ ላይ ሠርቷል። ይህ ሥራ ተራ ይምሰል እንጂ በኋላ የሚታየውን ጠባዩን ያሳያል፤ በየቤቱ ያለ፣ ርካሽ፣ በብዛት የሚሸጥ ዕቃ ፈልጎ ማምረቻ ዘዴውን ማሻሻል ይወድ ነበር።

በ1938 የሙሶሊኒ መንግሥት አይሁዶችን ከሥራ፣ ከትምህርትና ከንብረት የሚያገልሉ የዘር ሕጎችን አወጣ። ኮቬሽ በዚያው ዓመት ወደ እንግሊዝ አገር ገባ። ዕድሜው ወደ ሃምሳ እየተጠጋ ነበር፤ ካለፈበት አገር ሁሉ የጀመረውን ትቶ ነው የወጣው። እንግሊዝ አገር አምስተኛው መነሻ ሆነች።

የኤርፊክስ መመሥረት

በ1939 ለንደን ውስጥ ኤርፊክስን መሠረተ። የመጀመሪያ ምርቶቹ በአየር የተሞሉ የጎማ መጫወቻዎች ነበሩ። ስሙም ከዚህ የመጣ ነው፤ «ኤር» በእንግሊዝኛ አየር፣ «ፊክስ» ደግሞ ማጽናት ወይም ማሰር ማለት ሲሆን አየሩ በመጫወቻው ውስጥ ታስሮ መቆየቱን ያመለክታል። ሌላም ምክንያት ይነገራል። በንግድ ማውጫ መጻሕፍት ላይ ድርጅቶች የሚዘረዘሩት በፊደል ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ስሙ በእንግሊዝኛው የመጀመሪያ ፊደል እንዲጀምርና ከሌሎች ቀድሞ እንዲታይ ፈልጓል ይባላል። ዛሬ ኤርፊክስ የሚለውን ስም የሚሰማ ሰው ሁሉ ወዲያው አውሮፕላን ነው የሚታየው። ይህ ግን ፍጹም አጋጣሚ ነው።

ድርጅቱ በተመሠረተበት ዓመት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። በ1942 መጀመሪያ ላይ ጃፓን ማላያንና የኔዘርላንድን የምሥራቅ ሕንድ ደሴቶች ስትይዝ፣ የዓለም የተፈጥሮ ጎማ ዋና ምንጭ በእጅዋ ገባ። በእንግሊዝ አገር የቀረው ጎማ ለጦር መኪና እንጂ ለሕፃን መጫወቻ የሚሰጥ አልነበረም። ኮቭ ፊቱን ወደ ቀድሞ ሙያው፣ ወደ ፕላስቲክ መለሰ። ስሙን ግን አልለወጠውም። «አየር» የሚለው ቃል ያለ አየር የሚሠራ ዕቃ ላይ ቀረ።

ሚዶና አዲሱ ማሽን

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ኮቭ የገዛው ማሽን የድርጅቱን ታሪክ ለወጠ። በ1947 ኤርፊክስ የኢንጀክሽን ማሽን ተከለ፤ በእንግሊዝ አገር ይህን ማሽን ቀድመው ሥራ ላይ ካዋሉት ድርጅቶች አንዱ ነበር። የመጀመሪያው ምርት ደግሞ የኪስ ሚዶ ነው።

ከዚያ በፊት የፕላስቲክ ሚዶ የሚሠራው ከተጠፈጠፈ ፕላስቲክ ላይ በመጋዝ እየተቆረጠ ነበር። እያንዳንዱ ጥርስ ይቆረጣል፤ ጫፉ ይሞረዳል፤ ይለሰልሳል። የኢንጀክሽን ማሽን ግን ሚዶውን ከነጥርሱ በአንድ ምት ያወጣዋል። አሠራሩ በሐኪም ሲሪንጅ ይመሰላል። እንደ ሩዝ የደቀቀ ፕላስቲክ በማሽኑ አናት ላይ ይፈስሳል። ወደ ጋለ በርሜል ሲወርድ ቀልጦ እንደ ወፍራም ማር ይሆናል። ከኋላ ያለው ገፊ ዘንግ በከፍተኛ ኃይል ይገፋውና ሞልድ ወደሚባለው የብረት ቅርጽ ማውጫ ያስገባዋል። ሞልዱ እርስ በርስ የሚገጥሙ ሁለት ግማሾች አሉት፤ በመካከላቸው የዕቃው ቅርጽ ተፈልፍሎ ባዶ ቦታ ሆኖ ይጠብቃል። ፕላስቲኩ ባዶውን ሞልቶ ይቀዘቅዛል፣ ይጠነክራል። ሞልዱ ይከፈትና ትንንሽ የብረት ዘንጎች ከውስጥ ገፍተው ዕቃውን ይጥሉታል። ከዚያ ሞልዱ እንደገና ተዘግቶ ሥራው ይደገማል።

የዚህን ማሽን ሒሳብ ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ኮቭ የወሰነው ነገር ሁሉ የሚረዳው በእሱ ነው። ዋናው ወጪ ማሽኑም ፕላስቲኩም ሳይሆን ሞልዱ ነው። ሞልዱ ከጠንካራ ብረት በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ለረጅም ጊዜ ተቀርጾ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ገንዘቡ የሚከፈለው አንድ ዕቃ እንኳ ሳይሸጥ ነው። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ዕቃ የሚፈጀው ጥቂት ፕላስቲክና የአፍታ ጊዜ ብቻ ነው። በዚህ ረገድ ነገሩ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይመስላል፤ የመጀመሪያው ቅጂ ብዙ ያስወጣል፣ ሚሊዮነኛው ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ አምራቹ ሞልድ ሲያዝ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ዕቃ በብዛት ይሸጣል ወይ? ከተሸጠ ትርፉ ከፍተኛ ነው። ካልተሸጠ ግን ያ ሁሉ የተለፋበት ሞልድ ቁርጥራጭ ብረት ይሆናል። ሚዶ በዚህ ረገድ የሚያስተማምን ዕቃ ነበር፤ ማንም ሰው ጠጉሩን ያበጥራል። ኤርፊክስ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በአገሩ ካሉ ትልልቅ የሚዶ አምራቾች አንዱ ሆነ።

የፈርጉሰን ትራክተር

በ1940ዎቹ መጨረሻ ለኤርፊክስ ያልተለመደ ትእዛዝ መጣ። ሃሪ ፈርጉሰን የተባለው የትራክተር ፈልሳፊ ከ1946 ጀምሮ በኮቨንትሪ ከተማ የሚመረተውን ቲ.ኢ. 20 የተሰኘ ትራክተሩን በስፋት እየሸጠ ነበር። (ይህ ስም ከሌላ ድርጅት ጋር ተዋሕዶ በኋላ ማሲ ፈርጉሰን በመባል በኢትዮጵያ እርሻዎችም የታወቀው ነው።) ሻጮቹ ለደንበኛ የሚያሳዩት ትንሽ የትራክተር ሞዴል ስላስፈለገ ኤርፊክስ እንዲሠራው ታዘዘ።

ሞዴሉ የተሠራው ሴሉሎስ አሴቴት ከተባለ ፕላስቲክ ነው። ይህ ፕላስቲክ ጊዜ ሲያልፍ ይጣመማል፤ ክፍሎቹንም አስተካክሎ ማገጣጠም ያስቸግራል። ሚዶ አንድ አካል ስለሆነ ማሽኑ ሲጥለው አልቋል። ትራክተር ግን ጎማ፣ መሪ፣ ሞተርና መቀመጫ አለው። ማሽኑ በደቂቃ የሚያወጣውን ክፍል ሠራተኞች ቁጭ ብለው አንድ በአንድ በእጅ ማያያዝ ነበረባቸው። በሌላ አነጋገር ኮቭ በሚዶው ያስወገደው የእጅ ሥራ በትራክተሩ በኩል ተመልሶ መጣበት።

ትራክተሩ ለሻጮች ከተሰጠ በኋላ በመጫወቻነት ለሕዝብም ቀረበ። በመጨረሻም ክፍሎቹ ሳይገጣጠሙ፣ ገዢው ቤቱ ወስዶ ራሱ እንዲገጥማቸው ሆነው ተሸጡ። ይህ መፍትሔ ወጪን ለመቀነስ የመጣ ነበር፤ ከሥራው ሁሉ ውድ የሆነውን ክፍል ለገዢው ማስረከብ ማለት ነው። ገዢው ግን ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። ልጆች የተዘጋጀ ትራክተር ከማግኘት ይልቅ መሥራቱን ወደዱት። ከፋብሪካው የተቀነሰው ድካም በቤት ውስጥ ጨዋታ ሆነ።

ተገጣጣሚ ሞዴልን የፈጠረው ኤርፊክስ አልነበረም። በዚያው እንግሊዝ አገር ፍሮግ የተባለ አምራች ፔንግዊን በሚል ስም ከ1936 ጀምሮ ከአሴቴት የተሠሩ ተገጣጣሚ አውሮፕላኖችን ያወጣ ነበር፤ ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሱ ሆነው በካርቶን ሣጥን ይሸጡ ነበር። በአሜሪካም ከጦርነቱ በኋላ በርካታ አምራቾች ተነሥተዋል። የኮቭ ድርጅት ከእነዚህ የተለየው ዋጋውን ባወረደበት መንገድ ነው።

መርከቧና የላስቲክ ከረጢቱ

ዎልዎርዝ በእንግሊዝ አገር በየከተማው ቅርንጫፍ የነበረው የርካሽ ዕቃዎች መደብር ነው። ኤርፊክስ ሚዶውንም ትራክተሩንም ይሸጥለት ነበር። በ1950ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ ከዎልዎርዝ ዕቃ ገዢዎች አንዱ ለኤርፊክስ ሐሳብ አቀረበ። በሰሜን አሜሪካ ትንንሽ የመርከብ ሞዴሎች በደንብ ይሸጡ ስለነበር፣ ኤርፊክስም የፍራንሲስ ድሬክን መርከብ ቢሠራ የሚል ነበር። ድሬክ ከ1577 እስከ 1580 ዓለምን የዞረ እንግሊዛዊ መርከበኛ ሲሆን መርከቡ ጎልደን ሃይንድ ትባላለች።

ችግሩ ዋጋው ነበር። ዎልዎርዝ የሚፈልገው በ2 ሽልንግ የሚሸጥ ዕቃ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ ስለነበር፣ ይህ የፓውንድ አንድ አሥረኛ መሆኑ ነው። መደብሩ ከዚህ ውስጥ የራሱን ትርፍ ይወስዳል፤ የቀረው የሞልዱን፣ የፕላስቲኩን፣ የሠራተኛውንና የማሸጊያውን ወጪ መሸፈን ነበረበት። ሥዕል የታተመበት ጠንካራ የካርቶን ሣጥን ለብቻው ከዚህ ሒሳብ ብዙ ይበላል።

ኤርፊክስ ሁለት ነገሮችን ለወጠ። አንደኛ፣ አሴቴቱን ትቶ ፖሊስታይሪን የተባለውን ፕላስቲክ ያዘ። ፖሊስታይሪን ቅርጹን ጠብቆ ይቆያል፣ ረቂቅ መስመሮችን በደንብ ያወጣል። የሚያያዝበት ፈሳሽም እንደ ተራ ሙጫ በሁለት ክፍሎች መካከል ገብቶ የሚደርቅ አይደለም፤ የሁለቱንም ገጽ በጥቂቱ አሟሙቶ አንድ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ልጅ የገጠመው ሞዴል በቀላሉ አይለያይም።

ሁለተኛው ለውጥ ሣጥኑን ማስቀረት ነው። ክፍሎቹ በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ገቡ፤ የከረጢቱ አፍ ደግሞ በታጠፈ ወረቀት ተዘጋ። በወረቀቱ ፊት የመርከቡ ሥዕልና ስም ታትሟል፤ የመገጣጠሚያው መመሪያም እዚያው ወረቀት ላይ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። አንዲቷ ወረቀት መክደኛም፣ ማስታወቂያም፣ መመሪያም ሆና ታገለግላለች። ከረጢቱ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ገዢው የሚገዛውን ያያል። ባዶ ቦታ የለውም፤ ስለዚህ በመጓጓዣም በመደርደሪያም ላይ አየር አይጫንም። አየር በመሸጥ ሥራውን የጀመረ ሰው፣ አየሩን ከማሸጊያው በማውጣት ነው ያተረፈው ማለት ይቻላል።

መርከቧ በ2 ሽልንግ ወጣች፤ ገበያውም በጣም ወደዳት።

ስፒትፋየር

ከኮቭ ሥር ድርጅቱን ያንቀሳቅሱ የነበሩት ጆን ግሬይና ራልፍ ኤርማን የተባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሁለቱም የመርከቧን ስኬት አይተው ቀጣዩ ሞዴል አውሮፕላን እንዲሆን ፈለጉ፤ የተመረጠውም ስፒትፋየር ነው። ስፒትፋየር በ1940 በእንግሊዝ ሰማይ ላይ ከጀርመን አየር ኃይል ጋር በተደረገው ውጊያ የተዋጋ ባለአንድ መቀመጫ ተዋጊ አውሮፕላን ሲሆን፣ በጦርነቱ ዘመን ላደገ እንግሊዛዊ ልጅ ከዚህ የበለጠ የሚታወቅ አውሮፕላን አልነበረም።

ኮቭ ግን አልተዋጠለትም። ማንም አይገዛውም የሚል እምነት ስለነበረው፣ ሞዴሉ ከከሰረ የሞልዱን ወጪ ከግሬይ እንደሚያስከፍል ዝቶ ነበር ተብሎ ይተረካል። ስለ ድርጅቱ የጻፉ ሰዎች ኮቭን ቆራጥና አብሮት ለመሥራት አስቸጋሪ አለቃ አድርገው ይገልጹታል፤ ይህም ታሪክ ብዙ ጊዜ የግትርነቱ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ነገር ግን ከላይ ያየነውን የሞልድ ሒሳብ ላስታወሰ ሰው ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። አንዲት መርከብ መሸጧ አውሮፕላን እንደሚሸጥ አያረጋግጥም። ሚዶ የሚያልቅ፣ የሚሰበር፣ የሚጠፋ ዕቃ ነው፤ ሰው ተመልሶ ይገዛዋል። አንድ ልጅ ግን ስንት ስፒትፋየር ይገዛል? ኮቭ ያልገመተው ልጁ ሁለተኛ ስፒትፋየር ባይገዛም ሌላ አውሮፕላን ለመግዛት እንደሚመለስ ነው። በአራት አገር ሁሉን ትቶ ለተነሣ ሰው ደግሞ ያልተረጋገጠ ነገር ላይ ገንዘብ ማሰር ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

በመጨረሻ ስፒትፋየሩ ተሠራ። ሞዴሉ በልክ ትክክለኛነት የሚመሰገን አልነበረም፤ በአሜሪካ ከወጣ ሌላ ሞዴል ላይ የተቀዳ ነው ይባላል፤ በጎኑ ላይ ያሉት የመለያ ፊደላትም በአዋቂዎች ዘንድ ሲተቹ ኖረዋል። ይሁን እንጂ በብዛት ተሸጠ፤ የኤርፊክስ የመጀመሪያው ሞዴል አውሮፕላንም እሱ ነው። መጠኑ 1 ለ 72 ነበር። ይህ ቁጥር ከእንግሊዝ የርዝመት መለኪያ የመጣ ነው። አንድ ጫማ 12 ኢንች ስለሆነ ስድስት ጫማ 72 ኢንች ይሆናል፤ ስለዚህ በሞዴሉ ላይ ያለ አንድ ኢንች በእውነተኛው አውሮፕላን ስድስት ጫማ፣ ማለትም የአንድ ረጅም ሰው ቁመት ነው። የእውነተኛው ስፒትፋየር ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11.23 ሜትር ነው። በዚህ መጠን ሲቀነስ 15.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በእጅ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ፣ በትንሽ ከረጢት የሚገባ ነገር ነው።

አውሮፕላኑ ሲመረትና ሲታሸግ

ከዚህ በኋላ የተከተሉት ሞዴሎች ለንደን ውስጥ በዋንድስዎርዝ ሰፈር በነበረው የኤርፊክስ ፋብሪካ በተመሳሳይ መንገድ ተዘጋጅተዋል። መጀመሪያ የአውሮፕላኑ ሥዕላዊ ንድፍ ይወጣል። ቀጥሎ ባለሙያ ከሚፈለገው መጠን ሰፋ አድርጎ ክፍሎቹን በእንጨት ይቀርጻቸዋል። ይህ የሚሆነው በትልቅ ቅርጽ ላይ የሚፈጸም ትንሽ ስሕተት ሲቀነስ አብሮ ስለሚያንስ ነው። ከዚያ አንድ ጫፉ የትልቁን ቅርጽ ገጽ እየዳሰሰ፣ ሌላው ጫፉ ያንኑ እንቅስቃሴ አሳንሶ ብረት የሚፈለፍል ፓንቶግራፍ የተባለ መሣሪያ ቅርጹን ወደ ሞልዱ ያስተላልፈዋል። የቀረውን ጥራት የሚሰጠው የሠራተኛው እጅ ነው።

ፕላስቲኩ ቀልጦ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ወደ ሞልዱ ሲገባ በአንድ ግንድ ይጀምርና በቅርንጫፎች ወደ እያንዳንዱ ክፍል ይከፋፈላል። ከሞልዱ የሚወጣውም እንደ ዛፍ ነው። ክንፉ፣ ጅራቱ፣ ፕሮፔለሩ፣ የማረፊያ ጎማዎቹ ሁሉ በቅርንጫፍ ላይ እንደ ፍሬ ተንጠልጥለው ይታያሉ። ፋብሪካው ፍሬዎቹን አይለቅማቸውም። ቅርንጫፉ ክፍሎቹ እንዳይጠፉና እንዳይደባለቁ ስለሚይዛቸው በራሱ የማሸጊያ ሥራ ይሠራል፤ መቁረጡም ለገዢው የተተወ ነው።

የአውሮፕላኑ ገላ በግራና በቀኝ ሁለት ግማሽ ሆኖ የሚመጣው ለመገጣጠም ደስታ ብቻ አይደለም። ወፍራም ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ስለዚህ ክፍሎቹ ሁሉ ስስ መሆን አለባቸው። ሞልዱም ሲከፈት ክፍሉ እንዲለቅቅ ወደ ውስጥ የሚዞር ቅርጽ ሊኖር አይችልም። ውስጡ ባዶ የሆነ ገላ በአንድ ምት ስለማይወጣ ለሁለት ይከፈላል። በአንዱ ግማሽ ላይ ትንንሽ ጉጦች፣ በሌላው ላይ ቀዳዳዎች አሉ፤ ሲገናኙ ያለ መለኪያ ይገጥማሉ። በክፍሎቹ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚታዩት ክብ ምልክቶች ደግሞ የሞልዱ ዘንጎች ሲገፉ የተዉት አሻራ ነው። ሞልዱ ሲያረጅ ሁለቱ ግማሾች በትክክል ስለማይዘጉ፣ በመካከላቸው የሚያመልጠው ፕላስቲክ በክፍሉ ጠርዝ ላይ ስስ ቅጠል ይሠራል። ልምድ ያለው ሰው ይህን አይቶ የሞልዱን ዕድሜ ይገምታል።

የአብራሪው መስታወት ከሌላው ተለይቶ ብርሃን ከሚያሳልፍ ፖሊስታይሪን ይወጣል። የአየር ኃይል ምልክቶች በውኃ ተነክረው ከወረቀታቸው እየተንሸራተቱ የሚለጠፉ ስስ ሥዕሎች ናቸው። ሠራተኞች የክፍሎቹን ቅርንጫፎች፣ መስታወቱንና የምልክቶቹን ወረቀት ወደ ከረጢቱ ያስገባሉ፤ የታጠፈውን ወረቀት በአፉ ላይ ጥለው በሽቦ ይመቱታል። እሽጉ አለቀ። ማጣበቂያውና ቀለሙ ለየብቻ የሚሸጡ ናቸው።

ይህ አሠራር ድካምን ሁሉ ከፋብሪካው ወደ ቤት አዛወረ። በምትኩ ዋጋው በልጅ አቅም ሆነ። ከዚያ በፊት ሞዴል አውሮፕላን የሚሠራው በአብዛኛው እንጨት መቅረጽ የሚችል፣ መሣሪያና ትዕግሥት ያለው ሰው ነበር። ከረጢቱ ከወጣ በኋላ ግን አንድ ልጅ ቅዳሜ የገዛውን እሑድ ጣሪያው ላይ በክር ሊያንጠለጥለው ቻለ። የድሮ የእንጨት ሞዴል ሠሪዎች ይህን እንደ ሙያ መቅለል አይተውታል፤ ትክክል ናቸው። ግን በሙያው የሚሳተፈው ሰው ብዛት ከዚያ ወዲህ ተወዳዳሪ አልነበረውም።

ሞትና ከዚያ በኋላ

ኒኮላስ ኮቭ በ1958 ሞተ። ስፒትፋየሩ ተሳክቶ ሌሎች አውሮፕላኖች ሲከተሉት ለማየት ደርሷል፤ ድርጅቱ በ1960ዎቹ የደረሰበትን ታላቅ ደረጃ ግን አላየም። ራልፍ ኤርማንና ጆን ግሬይ ሥራውን ቀጠሉ። መርከብ፣ መኪና፣ ታንክና ወታደር ተጨመሩ፤ ሞዴሎቹም እንደ መጠናቸውና ዋጋቸው በተከታታይ ቁጥር ተመደቡ። ትንንሾቹ በከረጢት፣ ትልልቆቹ በሣጥን ይሸጡ ነበር። ከ1964 ጀምሮ ሮይ ክሮስ የተባለው ሠዓሊ ለእሽጎቹ የሣላቸው የጦርነት ትዕይንቶች ራሳቸውን ችለው ታዋቂ ሆኑ። የላስቲክ ከረጢቱ በ1973 ጠንካራ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ በካርቶን ላይ በተለጠፈበት እሽግ ተተካ።

በ1981 ኤርፊክስ ከሰረ። ጄኔራል ሚልስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ፓሊቶይ በተባለው ቅርንጫፉ በኩል ሲገዛው፣ ከንብረቱ ሁሉ ዋናው የብረት ሞልዶቹ ነበሩ፤ እነሱም ተጭነው ካሌ ወደምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወሰዱ። በ1986 ስሙና ሞልዶቹ ለሃምብሮል፣ በ2006 ደግሞ ለሆርንቢ ተሸጡ። ሞልድ በጥንቃቄ ከተያዘ ለአሥርት ዓመታት ስለሚሠራ፣ በዋንድስዎርዝ ዘመን የተቀረጹ አንዳንድ ሞዴሎች ባለቤቶቹ ከተለዋወጡ በኋላም በአዲስ ሣጥን ለገበያ ወጥተዋል።